ምክንያት የሚለው መስመር

ጥቅምት 4 ቀን

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ካፖርቱ ደርሶኛል። ከፖስታ ቤት ሳልወጣ እዚያው ስለብሰው የመስኮቷ ሠራተኛ «ማን ሰፋልህ?» አለችኝ። «ያሳደገችኝ አክስቴ» ስላት «ለእኔም ትስፋልኝ» አለች። እንግዲህ ደንበኛ አመጣሁልሽ ማለት ነው። እጅጌው አንድ ጣት ያህል ይረዝማል፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ ክንዴን ራሴ ለክቼ ነው የላክሁልሽ። በውስጥ ኪሱ የሸሸግሽውን ካልሲም አግኝቼዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ክፍሌ ያው ነው። ቧንቧው ተጠግኗል። አከራዬ አዲስ መጋረጃ ሰቅላለች፤ አሰፋፉን ብታዪው ታለቅሺ ነበር። ምግብ በሰዓቱ እበላለሁ። ቢሮ ሥራ በዝቷል። የቢሮ ጓደኞቼ ገንዘብ አዋጥተው ስድስት የሻይ ብርጭቆ ሰጡኝ። ያሰባሰበችው የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ናት፤ በወረቀት ጠቅልላ፣ በቀይ ሪባን አስራ ነው ያመጣችልኝ። ለምን እንደሰጡኝ ረጅም ታሪክ ነው፤ ይቅር።

የጠየቅሽኝን ሁሉ የመለስኩ ይመስለኛል። የዘለልኩት ካለ ሥራ በዝቶብኝ ነውና ይቅርታ አድርጊልኝ። ለጎረቤትሽ ለመምህሩ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

የአንቺው ቀጮ


ጥቅምት 13 ቀን

ለቀጮዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለብቻዬ፣ አንዴ የሱቁን በር ዘግቼ፣ አንዴ ደግሞ ለመምህሩ። እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካዳመጡ በኋላ «ስለ አክሲዮኑ ምንም አላለም እኮ» አሉኝ። «እሱን እኮ ነው የምልዎት!» አልኳቸው።

አንጀቴን አራስከው። እንዴት ያለ ብልህ ልጅ ነው ያሳደግሁት! የጠየቅሁህ ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛ፣ ካፖርቱ ልክህ ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ትልቁ ባንክ በሩን ዘግቶ የአክሲዮን ዋጋ ሁሉ እንዲህ ሲንኮታኮት ያቺን የሲሚንቶ ፋብሪካ ድርሻዬን ልሽጣት ወይስ ልያዛት? አንተ ስለ እጅጌ፣ ስለ መጋረጃ፣ ስለ ብርጭቆ ገጹን ሞልተህ ስለ አክሲዮኑ አንዲት ቃል አልተነፈስክም። ልጅ ሆነህም ሳህን ስትሰብር እንደዚህ ነበርክ። ስለ ድመቷ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ትምህርት ቤት ታወራለህ፤ ስለ ሳህኑ ጭጭ። ስለዚህ ወዲያው ገባኝ። እዚያ አክሲዮን አሻሻጭ ቢሮ ተቀምጠህ ያየኸው መጥፎ ነገር አለ፤ በጽሑፍ ልታሰፍረው አትችልም፤ በዝምታህ ነገርከኝ።

እኔም ጊዜ አላጠፋሁ። በነጋታው ገበያው ዳር ያለው የእናንተ ወኪል ዘንድ ሄጄ ተሰለፍኩ። ስደርስ ሦስት ሰው ብቻ ነበር። ዞር ስል ዳቦ ጋጋሪው ከኋላዬ ቆሟል። ከእሱ ኋላ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ጋዋኗን እንደለበሰች። ከእሷ ኋላ ፀጉር አስተካካዩ፤ ደንበኛውን ግማሽ እንደተላጨ ወንበር ላይ ትቶት ነው የመጣው። ትንሽ ቆይቼ ስዞር ሰልፉ ጫማ ሰፊው ጋ ደርሷል። ሰዉ ሁሉ ጉዱን ሰምቷል ማለት ነው ብዬ ጭራሽ ፈራሁ።

ቅጹ ላይ «የምሸጥበት ምክንያት» የሚል መስመር አለ። «የወንድሜ ልጅ ዝም ስላለ» ብዬ ሞላሁት። ወኪሉ አነበበው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከረጢቱ ውስጥ ከተተው።

ያቺ ድርሻ ለምን እንደተቀመጠች ታውቃለህ። የሱቁ ባለቤት ክፍሏን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ እኔ ካልገዛኋት ለሞባይል ነጋዴ ሊሸጣት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰፋሁባት፣ አንተም ጠረጴዛው ሥር ተቀምጠህ ፊደል የቆጠርክባት ክፍል። አሁን ባለው ዋጋ ድርሻዬን ብሸጥ የሚገኘው ገንዘብ በሯን እንኳ አይገዛም። ግን ባዶ እጄን ከምቀር ብዬ ነው። የስፌት መኪናዬን ጭኜ ሌላ ቦታ እከራያለሁ። ይህችም የቀረችልኝ በአንተ ነው፤ ተባረክ።

በሱቄ ደጅ የሚያልፉት የሲሚንቶ መኪኖች አቧራ ዘንድሮ ጉድ እያደረገኝ ነው። የሆስፒታሉን ነጭ ጋዋን የምሰፋው ላስቲክ አልብሼ ነው።

አክስትህ


ጥቅምት 21 ቀን

ውድ እትዬ፣

ይቅርታ። ሰላምታውን በኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ይቅርታ።

እኔ ምንም አልነገርኩሽም። በቃልም፣ በዝምታም። ምንም የማውቀው ነገር የለም። ባንኩ የተዘጋ ዕለት ሠራተኞች በሙሉ ወረቀት ፈርመናል፤ ለዘመድም ሆነ ለወዳጅ ሽጥ፣ ያዝ፣ ግዛ ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ስለዚህ ጥያቄሽን ያላየሁ መስዬ ዘለልኩት። ዝምታዬን እንዲህ ትተረጉሚዋለሽ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

የከተማችሁ ከረጢት ሲከፈት የእጅ ጽሑፍሽን ከላይ አየሁት። «የወንድሜ ልጅ ዝም ስላለ።» የዘመድ ቅጽ መንካት አይፈቀድልኝምና ወደ አለቃችን ይዤው ሄድኩ። አለቃችንን አባ ለምን እንላቸዋለን፤ ምክንያት የሚለውን መስመር ቅጹ ላይ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ሰው «እገሌ ስለሸጠ» ብሎ ከጻፈ ቅጹን በቀይ «ለምን?» ብለው አንድ ጊዜ ይመልሱታል። ደንበኛው ደግሞ ከላከው ግን፣ ምንም ይጻፍበት ምን፣ በዚያው ዕለት ይሸጥለታል። ደንበኛ ሁሉ ሲመዘገብ በዚህ ተስማምቶ ፈርሟል። አንቺም ፈርመሻል፤ መቼም አላነበብሽውም።

ቅጽሽን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«የወንድሟ ልጅ ማነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ሕጉ ነው።»

«ሕጉ ስለ አክሲዮን አትጻፍላት ይላል። መጻፍ ተከልክያለሁ ብለህ አትንገራት ይላል?»

«በል ተቀመጥና ጻፍላት። ከማሸግህ በፊት አነበዋለሁ» አሉኝ። ይህን የምጽፈው እሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው። ብስኩት በሻይ እየነከሩ ይጠብቁኛል።

ስለዚህ እትዬ፣ ሽጪ አልልሽም። ያዢም አልልሽም። የምልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝምታዬን አትስሚው። ጆሮዬ ስልክ አይሰማም ብለሽ ደብዳቤ የምታጽፊኝ ሴትዮ፣ ዝም ስል እዚያ ድረስ መስማትሽ ይገርመኛል።

ክፍሏን አስባታለሁ። ጠረጴዛው ሥር በጠመኔ የጻፍኳቸው ፊደሎች አሁንም አሉ አይደል? እስካሁን ስላልተቆጣሽኝ አመሰግናለሁ። ከዚህ በኋላ ብትቆጪም መብትሽ ነው።

ቀጮ

(ከግርጌው፣ በሌላ ሰው እጅ፦) አንብቤዋለሁ። ሽጪም ያዢም አይልም። የካፖርቱ ስፌት ግን ግሩም ነው።


ኅዳር 2 ቀን

ለቀጮ፣

ተቆጥቻለሁ፤ እወቀው። «ቀጮዬ» ያላልኩህ ለዚያ ነው።

ደብዳቤህና ቅጹ በአንድ ቀን ደረሱ። ያቺ ቀይ «ለምን?» የፈተና እርማት ነው የምትመስለው። በስልሳ ዓመቴ ወድቄ ክፍል የደገምኩ መሰለኝ። ሱቄን ዘግቼ በደንብ ልናደድ ስል ዳቦ ጋጋሪው ቅጽ ይዞ ገባ። ተከትላው የመድኃኒት ቤቷ ልጅ። ፀጉር አስተካካዩ። ከዚያ ሌሎችም፣ በዓይን እንጂ በስም የማላውቃቸው። መቀስ የማንቀሳቅስበት ቦታ እስኪጠፋ ክፍሏ ሞላች፤ ሁሉም ቀይ «ለምን?» የተጻፈበት ወረቀት ይዟል። እኔ ዘንድ ለምን እንደመጡ አልገባኝም ነበር።

ጆሮዬን ታውቀዋለህ፤ መምህሩ ጮክ ብለው ያንብቡልን ተባባልን። ጮክ ሲሉ ደግሞ እሳቸውን ታውቃቸዋለህ፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሰማ። መጀመሪያ የፀጉር አስተካካዩን አነሱ።

«ምክንያት፦ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ስለሸጠች። እሷ የተማረች ናት።»

ልጅቷ ፊቷ ቀላ።

«የእሷስ ምን ይላል?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ምክንያት፦ ዳቦ ጋጋሪው ስለሸጠ። ከባንክ ሰዎች ጋር ነው የሚውለው።»

«ማን? እኔ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «እኔ ለባንክ ሰዎች ዳቦ አቀርባለሁ! ‹ዛሬ አነሰች› ይሉኛል፣ ‹ዱቄት ተወዷል› እላቸዋለሁ፤ ወሬያችን ይኸው ነው።»

«ምክንያት፦» አሉ መምህሩ የእሱን ወረቀት አንስተው፤ «ልብስ ሰፊዋ ስለሸጠች። የወንድሟ ልጅ እዚያው ቢሮ ነው የሚሠራው።»

የቤቱ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ሆነ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወረቀቴን ለመምህሩ ሰጠኋቸው። እሳቸው እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ ሊያደርጉ ሞከሩ፤ አልቻሉበትም። «ምክንያት፦ የወንድሜ ልጅ ዝም ስላለ።»

ዝንብ ሲበር ይሰማ ነበር ይሉኛል፤ እኔ እንኳ አልሰማሁም። ከዚያ ምን ላድርግ? ሁለቱንም ደብዳቤህን አውጥቼ ይነበቡ አልኩ። የመጋረጃው ወሬ ላይ ሲደርሱ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛው ላይ «ምንም የማውቀው ነገር የለም» የሚለው ጋ ሲደርሱ ዳቦ ጋጋሪው የተተኮሰ የጋዋን ክምር ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «እና እኔ ንብረቴን ልሸጥ የነበረው እጅጌ ስለረዘመ ነው?» አለ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ሳቋን መያዝ አቃታት። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ውጭ የቆመው መንገደኛ ሳይቀር።

ፀጉር አስተካካዩ ግን አልሳቀም። «ሳቁ። ነገ ሁሉም ሲሸጥ እኔ ብቻዬን ታቅፌው አልቀርም» ብሎ ወጣ። በነጋታው ቅጹን መልሶ ላከ ሲባል ሰማሁ። አልፈርድበትም፤ ሦስት ልጆች አሉት።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ አንድ የሲሚንቶ መኪና አለፈ። እንደልማዴ ደጅ ወጥቼ አባቱን እናቱን ሳልል ሾፌሩን ወረድኩበት። ስመለስ እጄን አየሁት፤ ነጭ አቧራ። ላስቲኩም ነጭ አቧራ። ክንዴ እስኪዝል የፋብሪካውን አቧራ እያራገፍኩ ነው ለካ ፋብሪካው አለቀለት ብዬ የተሰለፍኩት! ቀጥሎ የመጣውን መኪና መንገድ ላይ ቆሜ አስቆምኩት። ሾፌሩ ልሰድበው የመጣሁ መስሎት መስኮቱን ዘጋ። «አልሰድብህም፣ ልጠይቅህ ነው» ስለው አንድ ጣት ያህል ዝቅ አደረገልኝ።

«ሥራ እንዴት ነው?»

«ኧረ እናቴ፣ የድልድዩ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ምሳ የምንበላበትም ጊዜ የለን።»

ለመምህሩ ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሱብኝ፤ «አቧራ ዋስትና አይደለም። ፋብሪካው እየሠራም ዋጋው ሊወርድ ይችላል» አሉኝ። አውቃለሁ። ግን እስከዛሬ ያየሁት ከፊቴ የተሰለፈውን ሰው ጀርባ ነበር፤ ይህን በዓይኔ አየሁት። ቅጹን መልሼ አልላክሁትም። ወረቀቱ ጠንካራ ነው፤ የኮሌታ ልክ ቆርጬበታለሁ።

ክፍሏን ላጣት እችላለሁ። ይሁን። ለአለቃህ ግን ንገርልኝ፤ እኔ ምን እንደማስብ ከጠየቀኝ ሰው ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ እግዜር ያክብርልኝ በላቸው።

አንተን ግን አልጨረስኩህም። ሕጉ ከለከለህ፤ እሺ። ያ ደብዳቤ ግን ሳህን የሰበረ ልጅ ደብዳቤ ነው፤ እጁን ይዤ ያሳደግሁት ልጅ አይጠፋኝም። የሰበርከው ምንድን ነው? ብርጭቆውስ?

አክስትህ


ኅዳር 14 ቀን

ውድ እትዬ፣

ከአንቺ ማምለጫ የለም።

የሰበርኩት ይኸውልሽ። ባንኩ በተዘጋ ዕለት፣ ወረቀቱን ከመፈረማችን በፊት፣ የጎኔ ጠረጴዛ ልጅ ያለውን ድርሻ ሁሉ ሊሸጥ ቅጽ ሲሞላ አየሁት። ለምን እንደሚሸጥ አልጠየቅሁትም። አምስት ዓመት ያጠራቀምኩትን፣ ያንኑ የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ቁርሴን ሳልበላ ሸጥኩት። ምክንያት የሚለው ጋ ስደርስ አባ ለምን እንዳይመልሱብኝ «ለሠርግ» ብዬ ጻፍኩ።

ወዲያው አለፈ። አባ ለምን ከወንበራቸው ተነስተው መጥተው ጨበጡኝ። የሂሳብ ክፍሏ ልጅ መዋጮ ሰበሰበች። ስድስት ብርጭቆ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሙሽራዋ ማናት?» ይሉኛል፤ «ሩቅ ናት» እላለሁ። ከእሱ በላይ እውነት ተናግሬ አላውቅም።

እና «ልሽጣት ወይስ ልያዛት?» ብለሽ ስትጽፊልኝ ሕጉ መሸሸጊያ ሆነልኝ። የፈራሁት ሕጉን አልነበረም። «አንተስ ምን አደረግህ?» እንዳትይኝ ነው የፈራሁት። ያሳደግሽው ብልህ ልጅ እንግዲህ ይህ ነው። የእናንተ ሰዎች የጻፉት ቢያስቅም እውነት ነበር፤ እኔ የጻፍኩት የሚያምር ውሸት ነው።

ደግሞ እዚህም ከእናንተ አንሻልም። ባለፈው ሳምንት ጥርሴን አሞኝ በሥራ ሰዓት ካፖርቴን አንስቼ ሮጬ ወጣሁ። ተነቅሎልኝ ስመለስ ሦስት ሠራተኞች የመሸጫ ቅጽ ሞልተው ጠበቁኝ። ከሦስቱ አንዱ «ቀጮ ካፖርቱን አንስቶ ስለወጣ» ብሎ ጽፏል። አባ ለምን ሦስቱንም ጠርተው፣ በጥጥ የተጠቀለለውን ጥርሴን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አሳዩአቸው። መናገር አልችልም ነበር እንጂ እኔም አንድ ነገር እል ነበር።

ትናንት ለሂሳብ ክፍሏ ልጅ እውነቱን ነገርኳት። ብርጭቆዎቹን ልመልስ አልኳት። «ሪባኑን ፈትተኸዋል፤ አይመለስም» አለች። ከዚያ «ለአባ ለምን ሳትነግራቸው ሳምንቱ እንዳያልፍ» አለችኝ። ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ። ከሥራ ቢያስወጡኝ መጥቼ ቁልፍ እተክልልሻለሁ።

የሰበርኩትን ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ። ከእኔ በፊት የምታውቂብኝ አንቺ ነሽ።

ቀጮ


ኅዳር 27 ቀን

ቀጮዬ፣

ይኸው «ዬ»ዋን መለስኩልህ።

መጀመሪያ አለቀስኩ፤ የአምስት ዓመት ላብህ ነው። ቀጥሎ ጥርስህ ጋ ስደርስ ሳቅ አፈነኝና መርፌው ጣቴን ወጋኝ። መምህሩ ምን ነካሽ ሲሉኝ አልነገርኳቸውም፤ ይህኛው ደብዳቤ ለአደባባይ አይነበብም።

ሳህኖቹን ሁሉ ከሰበርክ በኋላ ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ? ምንም አላልኩህም። መጥረጊያና አቧራ ማፈሻ ሰጠሁህ። አሁንም ያው ነው። ቁልፍ መትከል ግን አትችልም፤ ሞክረን አይተነዋል። ስለዚህ ከሥራህ እንዳትባረር።

ስለነገርከኝ ተባረክ። አለቃህ ምን አሉህ?

አክስትህ


ሚያዝያ 9 ቀን

ቀጮዬ፣

እነሆ ብዙ ወሬ አለኝ፤ ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

አለቃህ እንዳላባረሩህ፣ ይልቁን በየቅጹ ላይ «ለምን?» እያልክ በቀይ የምትጽፈው አንተ እንድትሆን እንደፈረዱብህ ስትጽፍልኝ ለመምህሩ ይህንን አነበብኩላቸው። «ትክክለኛ ቅጣት» አሉ። እሳቸው አርባ ዓመት ሙሉ ያንኑ ሲያደርጉ ኖረው እንደ ቅጣት አይተውት እንደማያውቁ ግን ነገሩኝ።

የአክሲዮኑን ነገር አንተው ታየዋለህ። ታኅሣሥ ላይ ጭራሽ ሲወርድ ሁለት ጊዜ ወኪሉ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አንዴ ገብቼ ቅጽ ሁሉ ተቀብዬ ነበር፤ ምክንያት የሚለው መስመር ጋ ስደርስ የምጽፈው አጣሁ። «ፈራሁ» ብዬ ልጻፍ? እሱን እንኳ ለአለቃህ ብጽፍ ያሳልፉልኝ ነበር ይመስለኛል፤ የራሴ ነዋ። ግን ደጁ ላይ አንድ መኪና አቧራውን አልብሶኝ አለፈ፣ እኔም ቅጹን አጣጥፌ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። እንግዲህ ጎበዝ ሆኜ እንዳይመስልህ። ከጥር ወዲያ ቀስ እያለ መለሰ። ዛሬ ከወረደበት ወጥቶ ከቀድሞው ትንሽ ቢያንስ ነው።

የመድኃኒት ቤቷ ልጅ አልሸጠችም። ዳቦ ጋጋሪውም አልሸጠም፤ በሱቄ ባለፈ ቁጥር አንገቱን አስግጎ «እጅጌው እንዴት ነው?» ይለኛል። ፀጉር አስተካካዩ ግን ኅዳር ላይ በርካሽ ነው የተሸጠበት። ከፊቴ መንገድ ሲያቋርጥ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሰልፉን ያስረዘምኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላለኝም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ። የሦስቱን ልጆቹን ዩኒፎርም ሰፍቼ ወሰድኩለት። አልቀበልም ብሎ ተከራከረኝ። «ምክንያትህ ምንድን ነው?» ስለው መጀመሪያ አኮረፈ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ተቀበለኝ። በልዋጩ መምህሩን አሁን በነጻ ነው የሚያስተካክላቸው፤ ያም ቢሆን ያላቸው ፀጉር ያን ያህል አይደለም።

አሁን ዋናው። ዛሬ ጠዋት ወኪሉ ዘንድ ሄድኩ። ሰልፍ አልነበረም። ወኪሉ ብቻውን ጋዜጣ ያነባል። ለክፍሏ የሚበቃውን ያህል ድርሻ ልሸጥ ቅጽ ሞላሁ፤ የቀረችውን ይዣለሁ። ምክንያት የሚለው መስመር ላይ የጻፍኩትን ቃል በቃል ልንገርህ፦

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰፋሁባትን ክፍል ልገዛ ነው። ማንም ሳይነግረኝ፣ ማንም ዝም ሳይለኝ።»

ወኪሉ አንብቦ ቀና ብሎ አየኝ። በዚህ ጊዜስ «እንኳን ደስ አለዎት» አለኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጥቅል ይደርስሃል። ሙሉ ልብስ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ገበሩ ሐር መሳይ። በዚህ ጊዜ ክንድህን ከአንተ አልጠየቅሁም፤ ካፖርቱን ከሰፋሁበት ልክ አንድ ጣት ቀነስኩ። «ለሠርግ» ብለህ ከዋሸህ አይቀር ልብሱ ይኑርህ። ለአለቃህ ደግሞ አንድ ሸሚዝ አለ። ኮሌታውን የቆረጥኩት በዚያ ቀይ በተጻፈበት ወረቀት ልክ መሆኑን ንገርልኝ።

አክስትህ


ሚያዝያ 22 ቀን

ውድ እትዬ፣

እንኳን ደስ አለሽ! እንኳን ደስ አለሽ! እንኳን ደስ አለሽ!

ቅጽሽ የደረሰ ዕለት ከረጢቱን የከፈትኩት እኔው ነበርኩ። የእጅ ጽሑፍሽን ሳይ ሳላነበው ገልብጬ ለአባ ለምን ወሰድኩላቸው። ቆመው አነበቡት። ቀዩን እስክሪቢቶ አነሱና መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ በሩን ከፍተው ቢሮውን ሙሉ ጠርተው ጮክ ብለው አነበቡልን። ለብዙ ዓመት የጠበቅሁት ቅጽ ይህ ነው አሉ። ማህተሙን ራሳቸው መቱበት፤ ያንኑ ዕለት ተሸጠ። ሸሚዙን ከሠራተኛ ዘመድ ስጦታ መቀበል ክልክል ነው ብለው መለሱልኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መጥተው «ዋጋውን ብከፍላትስ?» አሉኝ። ገንዘቡ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። ሸሚዙን ለብሰውታል፤ ኮሌታውን ለሁሉም እያሳዩ ነው የሚውሉት።

ሙሉ ልብሱ ልኬ ነው። እጅጌው፣ ትከሻው፣ ሁሉም ነገር። መስታወት ፊት ቆሜ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ። አባቴ ሲሞት እኔን ይዘሽ ወደዚያች ክፍል ስትገቢ ማንም «ልጁን ያዢ» አላለሽም። እንዲያውም ዘመድ ሁሉ ሌላ ነበር የሚለው፤ በኋላ ሰምቻለሁ። ለምን እንደያዝሽኝ ጠይቄሽ አላውቅም። አሁንም አልጠይቅሽም። አመሰግናለሁ ብቻ ልበልሽ፤ እስከዛሬ በካልሲና በእጅጌ መሃል እየሸሸግሁ ስልሽ የኖርኩትን አሁን በግልጽ ልበለው። አመሰግናለሁ እትዬ።

የራስሽ ለምትሆነው ክፍል ስጦታ ልኬያለሁ። ሲፈቱት እንዳይሰበር በጥንቃቄ፤ ጋዜጣ ውስጥ የተጠቀለሉት አራት የሻይ ብርጭቆዎች ናቸው። አንዱ የአንቺ፣ አንዱ የመምህሩ፣ የቀሩት ለሚመጣ ሰው።

ስድስት ነበሩ። ሁለቱን አስቀርቻለሁ።

ምክንያት፦ የሂሳብ ክፍሏ ልጅ እሁድ ሻይ ልትጠጣ እኔ ዘንድ ትመጣለች።

የአንቺው ቀጮ